ወንድ ድመታችሁ ሽንቱ ከቆመ ነገ አትበሉ

ድሬዳዋ ውስጥ ወንድ ድመት የምታሳድጉ፣ ይቺን ያዙልኝ። ድመቱ የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ ሲያምጥ ብዙ ሰው "ሆዱ ደርቆ ነው" ብሎ ዘይት ያጠጣዋል። ቆይ! መጀመሪያ አሸዋውን እዩ። እርጥብ ነው? የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ቀጭን ስለሆነ በደቃቅ ጠጠር ወይም ንፍጥ በመሰለ ነገር ቶሎ ይደፈናል። ጠብ ጠብ ብቻ ካለ፣ ደም ካለው ወይም እየጮኸ ብልቱን የሚልስ ከሆነ ችግሩ ሽንት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ጭራሽ ካልወጣለት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ማስመለስና መዛል ከጀመረማ በጣም ዘግይቷል፤ ሩጡ።

ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ከተማ ውስጥ ካጣችሁ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ እዚያ ጠይቁ። ስልኩን ድመቱ ደህና እያለ ብትይዙት ይሻላል። ሆዱን አትጫኑት፤ የሞላ የሽንት ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል። ፓራሲታሞልማ በፍጹም! ለድመት መርዝ ነው።

ከዳነ በኋላ ተመልሶ ሊይዘው ስለሚችል ውሃ አብዙለት። በኛ ሙቀት ደረቅ ምግብ ብቻ አይሆንም። ሥጋ ቀቅሉና ጨውም ሽንኩርትም ያልነካው መረቅ ከነሥጋው ስጡት። የውሃ ሳህኑን ከአሸዋው አርቃችሁ ጥላ ውስጥ አድርጉት። ቀትር ላይ ውሃው ስለሚሞቅ ቀይሩለት።