ስኳት ላይ ወደ ቀኝ ማጋደሌን እንዴት እንዳስተካከልኩት

ድሮ ኳስ ላይ ግራ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ ነበር፣ ከዛ በኋላ ስኳት (የብረት ባር ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስወርድ ሁሌ ወደ ቀኝ እጋደላለሁ። ችግሩን ያሳየኝ አንድ ቀላል ቴስት ነው፦ ባዶ እግር ግድግዳ ፊት ቆሞ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበትን ግድግዳው ማስነካት። በቀኝ እግሬ አውራ ጣቴ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ርቆም ጉልበቴ ይነካል፣ በግራው ግን ጉልበቴ ገና ሳይደርስ ተረከዜ ብድግ ይላል፣ ቁርጭምጭሚቱ በደንብ አይታጠፍም ማለት ነው።

ስለዚህ ባሩን ለጊዜው ትቼ በአንድ በአንድ እግር የሚሰሩትን ያዝኩ፣ ስፕሊት ስኳት (አንድ እግር ፊት አንድ እግር ኋላ አርጎ መውረድ)፣ ስቴፕ አፕ (በአንድ እግር ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት)፣ ካፍ ሬዝ (ተረከዝ አንስቶ በጣት መቆም)፣ ስወርድ 3 ሰከንድ ያህል ቀስ እያልኩ። ዋናው ነገር ሁሌ በደካማው እግር መጀመር ነው፣ እሱ 8 ጊዜ ከቻለ ጠንካራውም በዛው ኪሎ 8 ጊዜ ላይ ይቆማል፣ አቅም ቢተርፈውም አይጨመርለትም! ጡንቻ ቢዝል ችግር የለውም፣ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋችሁ ወይ የሚያብጥ ከሆነ ግን በናታችሁ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂዱ።

አሁን ባሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ የግድግዳዋን ግን ዋርም አፕ (ሰውነት ማሟሟቂያ) ላይ እስካሁን እሰራታለሁ።