በስቬልት የተሠራ የቀን መቀየሪያ፦ የማይታደስ ገጽ እና አንድ ቀን የሚጎድለው ውጤት

የጎርጎርዮስን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ትንሽ መገልገያ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ በሆነው በስቬልት 5 መሥራት ከባድ አይደለም፤ ኢንትል የተባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅ የጳጉሜን ቀናት የሚቆጥር ስሌት ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። የሚያስቸግሩት ከስሌቱ ውጭ ያሉ ስሕተቶች ናቸው።

«ቀጣይ ቀን» የሚለው ቁልፍ ሲነካ ገጹ አይለወጥም

በመጀመሪያ ዋጋው በእርግጥ መለወጡን በኮንሶል (የአሳሹ የገንቢዎች መልእክት ማሳያ) ላይ አሳትሞ ማየት ይገባል። በኮንሶሉ ቀኑ ወደ ፊት እየሄደ ገጹ ላይ የቀድሞው ከቀረ፣ ቁልፉም ሆነ ፈንክሽኑ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ችግሩ ስቬልት ለውጡን አለመስማቱ ነው። ተለዋዋጩ ስቴት በተባለው ሩን (የስቬልት ልዩ ትእዛዝ) ካልታወጀ መታወጅ አለበት። ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን ስቴት እያለም ገጹ ሳይታደስ መቅረቱ ነው። ስቴት የውስጥ ለውጥን የሚከታተለው በተራ ኦብጀክቶችና በአሬዎች (በዝርዝሮች) ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑን የሚይዘው የዴት ኦብጀክት ሴትዴት በተባለው ትእዛዝ ከውስጥ ሲቀየር ስቬልት የሚደርሰው ወሬ የለም። መፍትሔው አዲስ ዴት ፈጥሮ ለተለዋዋጩ እንደገና መስጠት፣ አለዚያም ስቬልት ራሱ ያዘጋጀውን ስቬልትዴት መጠቀም ነው። ለውጡ የት እንደተፈጸመ ለአንባቢ ወዲያው ስለሚታይ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። በስቬልት 4 በተጻፈ ኮድ ደግሞ አሬ እንኳ ፑሽ በተባለው ትእዛዝ ሲጨመርበት ገጹ አይታደስምና፣ የቆየ ኮድ የተረከበ ሰው አስቀድሞ ስሪቱን ይመልከት።

አዲስ አበባ ላይ ትክክል የሆነው፣ ዋሽንግተን ላይ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል

ይህኛው የከፋ ነው፤ ገንቢው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ ላያየው ይችላል። ተጠቃሚው ሴፕቴምበር 11፣ 2024ን ሲያስገባ አዲስ አበባ ላይ መስከረም 1፣ 2017 ይወጣል፤ ዋሽንግተን ላለው ግን ጳጉሜን 5፣ 2016 ይወጣለታል፤ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ዓመቱም ይሳሳታል። ምክንያቱ፣ ጃቫስክሪፕት እንደ 2024-09-11 ያለ፣ ሰዓት ያልተጻፈበትን የቀን ጽሑፍ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) የእኩለ ሌሊት ጊዜ አድርጎ ማንበቡ ነው። ያ ቅጽበት አዲስ አበባ ላይ የዚያው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ ዋሽንግተን ላይ ገና የዋዜማው ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀኑ ሲነበብም ሲታይም በአንድ የሰዓት ሰቅ መሆን አለበት፤ ጽሑፉን ዓመት፣ ወርና ቀን አድርጎ ከፍሎ በዴት ዩቲሲ መገንባት፣ ለኢንትልም የሰዓት ሰቁ ዩቲሲ መሆኑን መንገር ያስፈልጋል። ወሮች ከ0 ስለሚቆጠሩ ከወሩ ላይ 1 መቀነስ እንዳይዘነጋ። ለመፈተን ወደ አሜሪካ መሄድ አያሻም፤ በክሮም የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ሴንሰርስ በሚለው ክፍል ሌላ ከተማ ሲመረጥ የሰዓት ሰቁም አብሮ ይለወጣል።

ሰርቨር ላይ ሲጫን ባዶ ነጭ ገጽ ይታያል

መገልገያው በንዑስ ማውጫ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ፣ ቪት (ኮዱን ለሰርቨር የሚያዘጋጀው መሣሪያ) የፋይሎቹን አድራሻ ከድረ ገጹ ዋና ማውጫ ጀምሮ ስለሚጽፍ አሳሹ አያገኛቸውም። በቪት ማዋቀሪያ ፋይል ቤዝ የሚለውን ወደ ንዑስ ማውጫው አድራሻ ቀይሮ እንደገና ቢልድ ማድረግ (ለሰርቨር የሚጫኑትን ፋይሎች ማዘጋጀት) ይበቃል።