ፀሐይ የማያገረጣው ደማቅ ቀይ

አዳማ ያለው የእናቴ ቤት ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ ያለ ምሕረት ያርፍበታል። ቀይ የነበረው ግድግዳ ወደ ሮዝ ገርጥቶ፣ ከታች በኩል ደግሞ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው አውጥቶ ነበር። እናቴ ግን ከቀይ ሌላ አይፈልጉም፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ግራጫ የበዛበት መንደር ቀለም ያስፈልገዋል።

መፍትሔው የተገኘው ከቀዩ ዓይነት ነው። እንደ እሳት ከሚያበሩት ቀዮች ብዙዎቹ በኦርጋኒክ ማቅለሚያ (ካርቦን ካላቸው ውህዶች በሚሠራ) ስለሚሠሩ ጠንካራ ፀሐይና በአዲስ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አልካሊ የሚባል ቀለም የሚጎዳ ንጥረ ነገር ያደክማቸዋል። በብረት ኦክሳይድ (ከብረት ዝገት ጋር በሚመሳሰል ማቅለሚያ) የሚሠራው የሸክላ ቀይ ግን ሁለቱንም ይችላል። በቀለም ናሙና ካርድ ላይ ደብዘዝ ያለ ቢመስልም ሰፊ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ይደምቃል። ስለዚህ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቀብተን ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ አየነው፤ እናቴ ይበልጥ የወደዱት የአመሻሹን መልክ ነው።

ሙሉ ግድግዳውን ከመቀባቴ በፊት ውሃ የሚያፈሰውን አሸንዳ አስጠገንሁ፤ እርጥበቱ ካልቆመ ጨው መመለሱ አይቀርም። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ አራገፍሁ፤ አዲስ አስለስኜም ልስኑ 28 ቀን እስኪሞላው ጠበቅሁ። ከዚያ አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) አንድ ዙር፣ ቀለም ሁለት ዙር፣ የመስኮት ጠርዝ ነጭ። ክረምትና በጋ አልፎበት እንኳ ከጣሪያው ሥር የተከለለውና ፀሐይ የሚመታው ክፍል ቀለማቸው አንድ ነው።