የውሸት የመጽሔት ማስታወቂያ፦ ፒያሳ ላይ በምን ቆመ

ባጅ ያንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች ሱቅ ይገባሉ። «ትምህርት ቤታችን ለወላጆች ቀን መጽሔት እያሳተመ ነው፣ ሩብ ገጽ 3,000 ብር፣ ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል» ብለው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያሳያሉ። ትምህርት ቤቱ በእውነት አለ፤ መጽሔቱን ግን አያውቀውም።

ቀዳዳው ማኅተሙ ነበር። ማኅተም ማስቀረጽ ከባድ አይደለም፤ ሰው ደግሞ ክቡን ሰማያዊ ቀለም ሲያይ ማንበቡን ይተዋል። ደብዳቤው ላይ የወጪ ደብዳቤ ቁጥር የለም፣ ስልኩ ሞባይል ብቻ ነው፣ ክፍያውም በግለሰብ ስም ወደተመዘገበ ቴሌብር ነው።

ካሸሯ አጠገብ «የማስታወቂያና የእርዳታ ጥያቄ በዕለቱ አይከፈልም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ግማሹ ሥራ እዚህ አለቀ፤ አጭበርባሪ ነገ ተመለስ ሲባል አይመለስም። የተመለሰ ካለ ደብዳቤው ፎቶ ይነሳና ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ድረስ በእግር ይኬዳል። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ መደወል ዋጋ የለውም፣ የሚያነሳው ያው ግብረ አበር ነው። መዝገብ ቤት የደብዳቤውን ቁጥር ከወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ ጋር ያመሳክራል።

ክፍያው በትምህርት ቤቱ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ ይገባል። ከማስተላለፍ በፊት አፑ የሚያወጣውን የተቀባይ ስም ጮክ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል፤ ብዙዎች የሚሸወዱት ሳያነቡ «ቀጥል» ሲጫኑ ነው።

ብሩ ከወጣ በኋላ የተነቃ እንደሆነ የግብይት ቁጥሩን ይዞ ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ወዲያው መደወል፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ስልኩ ላይ የመጣው የክፍያ መልእክት እንዳይጠፋ።