በአንድ ስልክና በአንድ አቡጀዲ ፊዚክስ ማስተማር

ጅማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። መጀመሪያ ቪዲዮ ላሳይ ክፍል የገባሁ ቀን ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ። ያቺ ክብ ምልክት ስትዞር ስትዞር አሥር ደቂቃ በላች። ቪዲዮው ሲከፈት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ኋላ የተቀመጠ ተማሪ እንኳን የላፕቶፑን፣ የእኔንም ድምፅ አይሰማ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔትም ድምፅም የማይፈልግ ነገር ብቻ ይዤ እገባለሁ።

ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ያወረዳችሁትን ያለ ኢንተርኔት የሚከፍተውን ኪዊክስ የሚባል ነፃ አፕ ስልካችሁ ላይ፣ ላፕቶፕ ካላችሁም እሱ ላይ ጫኑ። ከዝርዝሩ ውስጥ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ዊኪፔዲያና ፌት የሚባሉትን ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሠሩ የሳይንስ ሙከራዎች፣ አውርዱ። ፌትን እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀለል ያለው ዊኪፔዲያ ለልጆቹ ይመቻል። ሲጠብቅባቸው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አፍታታላቸዋለሁ።

ፕሮጀክተር ካገኛችሁ ሰሌዳው ላይ አቡጀዲ ወጥሩና የሰርኪቱን ሲሙሌሽን ላፕቶፕ ላይ ክፈቱ። አንድ ባትሪ፣ አንድ አምፖል፣ ሽቦ። በራ። አሁን እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሡ። «ሁለተኛ አምፖል በፓራለል፣ ማለትም በራሱ ሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኝቼ፣ ብጨምር የመጀመሪያው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ። እኔ ጋ አብዛኞቹ «ይካፈሉታል፣ ይደበዝዛል» ይላሉ። ከዚያ ጨምሩ። አይደበዝዝም! ክፍሉ ይንጫጫል። አንዱ «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ተሳስቷል» ብሎኝ ያውቃል። ያኔ ከረንት የሚለካውን አሜትር ባትሪው አጠገብ አስገቡ፤ አምፖሎቹ እኩል ከሆኑ ባትሪው እጥፍ ከረንት እየሰጠ መሆኑን በቁጥር ያዩታል። ሳያስገምቱ ዝም ብሎ ማሳየት ግን ሲኒማ ነው፤ ልጆቹ ይደሰታሉ፣ ፈተና ላይ መልሰው ያንኑ ይሳሳታሉ።

ፕሮጀክተር ከሌለስ? ዳታችሁን አጥፉና ሆትስፖት አብሩ። ኪዊክስ ሜኑ ውስጥ ዋይፋይ ሆትስፖት የሚለውን ነክታችሁ ፋይሎቹን ምረጡና አስጀምሩ። በቁጥር የተጻፈ አድራሻ ይወጣል፤ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ልጆቹ ከስልካችሁ ጋር ተገናኝተው አድራሻውን ብሮውዘራቸው ላይ ያስገባሉ። የማንም ካርድ አይቆረጥም። የእኔ ስልክ ከስምንት በላይ አይሸከምም፤ ስለዚህ በአንድ ስልክ አምስት አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። ስልክ ይዘው እንዲገቡ ርእሰ መምህሩን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ አለዚያ በር ላይ ይወረሳል።

መብራት መሀል ላይ ከጠፋ አትደንግጡ። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖልና ቁራጭ ሽቦ ሁሌ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ያንኑ ጥያቄ በእሱ እጨርሳለሁ። ፕሮጀክተሩን ግን ወዲያው ከሶኬት ንቀሉት። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ ሊመጣ ይችላል።