ያንን ፖስታ ሳትከፍቱ አትጣሉት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሰው ታክስ እሞላለሁ። አንድ ቀን የሆቴል ላውንደሪ የሚሠሩ እናት አንድ ፌስታል ሙሉ ያልተከፈተ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉ። «ማስታወቂያ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉኝ። ከመሃሉ ብሉ ክሮስ በሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ላይ ደንበኞቹ የመሠረቱት የጋራ ክስ ደብዳቤ ወጣ። ክሌይም (ድርሻን የመጠየቂያ ቅጽ) የማስገቢያው ቀን ኖቬምበር 5፣ 2021 ነበር። አልፏል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሉ ክሮስ አንድ ኩባንያ አይደለም። ከ30 በላይ ኩባንያዎች በአንድ ስም፣ አካባቢ ተከፋፍለው ይሠራሉ። እኛ ጋ ድንበሩ ሩት 123 የሚባለው መንገድ ነው፦ በስተምሥራቅ ኬርፈርስት (CareFirst)፣ በስተምዕራብ አንተም (Anthem) የሚባሉት ኩባንያዎች ይሠራሉ። ከሳሾቹ «አንዱ ወደ ሌላው ክልል ካልገባ ውድድር የለም፤ እኛም ከሚገባው በላይ ከፍለናል» አሉ። ክሱ አላባማ ባለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ታየ። ኩባንያዎቹ ጥፋት አለብን ሳይሉ 2.67 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ስምና የክሱን ቁጥር ፈልጉ። ስልክ ደውሎ «ገንዘቡን ላስለቅቅልህ፣ ትንሽ ክፈል» የሚል ሰው ሌባ ነው። ክሌይም ማስገባት በነፃ ነው። ድረ ገጹንም በቴክስት ከመጣ ሊንክ አትክፈቱ፤ ደብዳቤው ላይ ያለውን አድራሻ ራሳችሁ ጻፉት።

ቀጥሎ ምርጫችሁን እወቁ። ገንዘቡን መጠየቅ፣ ከክሱ መውጣት ወይም ስምምነቱን መቃወም ትችላላችሁ። ዝም ማለትም ምርጫ ነው፤ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ዝም ያለ ሰው ገንዘቡን አያገኝም፣ በዚያው ጉዳይ ለብቻው መክሰስም አይችልም።

ብዙ ሰው «ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪዬ ነው» ብሎ ይተወዋል። የደሞዝ ወረቀታችሁን አውጡና «ሜዲካል» የሚለውን መስመር እዩ። እኒያ እናት በየሁለት ሳምንቱ ይቆረጥባቸው ነበር። በዚህ ክስ ስንት እንደተቆረጠበት ማስረጃ የሌለው ሠራተኛ እንኳ በተተመነ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። በባሏ ኢንሹራንስ የተሸፈነች ሚስት ግን አትችልም፤ የሚጠይቀው ባልየው ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በማን ስም እንደመጣ አስተውሉ።

ዓመቶቹን ካላስታወሳችሁ የድሮ የኢንሹራንስ ካርዶችና የታክስ ፋይሎች ይረዷችኋል። ቅጹን ከላካችሁ በኋላ የክሌይም ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ይህ ስምምነት በ2020 ይፋ ሆኖ ይግባኙ የተዘጋው በ2024 ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የኛ ሰው ስንት ጊዜ ቤት ይቀይራል! ስትለቁ ለፖስታ ቤት ብቻ ሳይሆን ክሌይሙን ለሚያስተዳድረው ድርጅትም አዲሱን አድራሻ አሳውቁ። አለበለዚያ ቼኩ የሚሄደው ወደ ድሮው አፓርታማ ነው።