ከላይ ግላስ፣ ከታች ማዳበሪያ፦ ኮርቻ ሥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ግላሱ፣ ፈረሱ ከላይ የሚለብሰው ያጌጠ ጨርቅ ላይ ነው። ያምራል። ፈረሱ ግን ስለ ግላሱ ምን ተዳው? እሱ የሚያውቀው ከኮርቻው ሥር ያለውን ነው።

ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለዘመድ ሠርግ የአጎቴን ፈረስ ጭኜ ወጣሁ። ማታ ኮርቻውን ሳወርድ ጫንቃው ላይ ፀጉሩ ተልጦ ቆዳው ቀልቷል። ሥሩ ያነጠፍኩት ሁለት ላይ የታጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። አጎቴ አየና «ግላሱን ስትመርጥ ግማሽ ቀን ፈጀህ» ብሎኝ ገባ። ሌላ አልተናገረም።

ያገኙትን ማንጠፍ

የአገራችን ኮርቻ በቆዳ የተለበጠ እንጨት ነው። የጋላቢው ክብደት በሙሉ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ይወርዳል። መሐል የሚገባው ነገር ክብደቱን ማከፋፈል፣ ላቡንም መጠጣት አለበት። ማዳበሪያ ሁለቱንም አያደርግም፤ ያሞቃል፣ ይንሸራተታል፣ ይፍቃል። የመንዝ ባና ወይም ሌላ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ካለ እሱን የሚያህል የለም። ወፈር ያለ የጥጥ ጨርቅም ይሆናል።

«ሲደረብ ይሻላል» ማለት

ጫማ ጠቦህ ድርብ ካልሲ ብታደርግ ምን ይሆናል? ጠባብ ኮርቻም እንደዚያው ነው፤ በደረብክ ቁጥር ይብስ ይቆነጥጣል። ደግሞ ከፍ ሲል ይወላገዳል፣ እንዳይወላገድ ጠፍሩን፣ ኮርቻውን የሚይዘውን ማሰሪያ፣ ታጠብቃለህ፣ ፈረሱ በሁለት በኩል ይሠቃያል። ኮርቻው ልኩ ካልሆነ ወደ ኮርቻ ሠሪ ነው መሄድ። አለበለዚያ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆናል ነገሩ።

አከርካሪው ላይ ወጥሮ ማሰር

ብዙ ሰው የሚስተው ይሄን ነው፤ እኔም ስቼዋለሁ። ጨርቁን መጀመሪያ ወደ ጋማው አስጠግተህ አንጥፈው። ከዚያ ፀጉሩ ወደተኛበት፣ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው። ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከሄደብህ ወደ ፊት አትግፋው፣ ፀጉሩ ይቆማል። አንስተህ እንደገና ጀምር። ኮርቻው ሲቀመጥ የጨርቁን ፊት በእጅህ ወደ ኮርቻው ቅስት ከፍ አድርገው፤ ጫንቃው ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። የተጨማደደም ካለ ጠፍሩን ሳታጠብቅ አቃናው። አንዲት እጥፋት ሰው ሲቀመጥባት ጠጠር ናት።

ሳያጥቡ መልሶ መጫን

የትናንቱ ላብ ከነጨው ደርቆ ጨርቁን ቆርቆሮ ያደርገዋል። ጭጎጎት ከያዘማ አይነሳ። እጠበው፣ ሳሙናው በደንብ ይልቀቅ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

ለሌላ ፈረስ ማዋስም ጥሩ አይደለም። የቆዳ ፈንገስ በጨርቅ ይተላለፋል። የጋሪ ፈረሶችን የሚፈጀው፣ ቆዳ ሥር እየቋጠረ የሚፈነዳው በሽታም በብዛት የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ገጣባ፣ ኮርቻ የላጠው ቁስል፣ ማለት የተከፈተ በር ነው።

አውርዶ ዞር ማለት

ኮርቻው ሲወርድ ጀርባውን እየው። ላቡ ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ ደህና ነው። በእርጥቡ መሐል እንደ ደሴት የቀረ ደረቅ ቦታ ካለ ግን ተጠራጠር፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ከልክ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ከዚያ በመዳፍህ ከጫንቃው እስከ ወገቡ ጫን እያልክ ሂድ። ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ወይም ወገቡን ካጎበጠ አሞታል። እስኪሽር አትጫነው።

ገበያ ላይ ፈረስ ስትገዛም ግላሱን አስወርድ። ጫንቃው አጠገብ ነጭ ፀጉር ብታይና ሻጩ «ሲወለድም እንዲህ ነው» ቢልህ፣ ነጩ ኮርቻ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መሆን አለመሆኑን ልብ በል። ቆዳ ሲጎዳ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። የአጎቴ ዳማ ፈረስ ላይም እንዲህ ያለ ነጭ ምልክት አንድ አለ። እኔ ነኝ የሠራሁት።